የጥላ በጀት፦ በይፋት ቆላ የሕዝብ መናፈሻ ስለ ማቀድና ገንዘቡን ስለ ማግኘት

የሕዝብ መናፈሻ በከተማ አስተዳደር ይዞታ ሥር የሚቆይ፣ ማንኛውም ነዋሪ ያለ ጥሪና ያለ ፈቃድ ገብቶ የሚያርፍበት፣ ልጆች የሚጫወቱበትና ዛፍ የሚበዛበት ክፍት ቦታ ነው። ፍቺው በደጋም በቆላም አንድ ቢሆንም ሰው ከመናፈሻው የሚሻው ነገር እንደየአገሩ አየር ይለያያል፤ የደብረ ብርሃን ነዋሪ ከነፋስ የተከለለ፣ ፀሐይ የሚሞቅበት ጥግ ሲፈልግ፣ ከዚያው ከሰሜን ሸዋ ዞን ሳይወጣ ጣርማበርን አልፎ ወደ ይፋት ቆላ የወረደ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ጥላ ነው። ስለዚህ ለደጋ ከተማ በተነደፈ ፕላን የቆላ መናፈሻ መሥራት፣ ወይም የአንድ ትልቅ ከተማ መናፈሻ ፎቶግራፍ ተመልክቶ ያንኑ በትንሽ ከተማ ለመድገም መሞከር፣ ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ ሰው የማይቀመጥበትን ቦታ ወደ ማበጀት ሊያመራ ይችላል።

ሸዋ ሮቢት ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ናት። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። መንገዱ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ጣሊያኖች የሠሩትን ዋሻ ካቋረጠ በኋላ በደብረ ሲና ቁልቁለት እየተጠማዘዘ ወደ ሜዳው ይወርዳል፤ መንገደኛው በአጭር ጊዜ ውስጥ ከብርድ ወደ ሙቀት የሚሸጋገርበት ይህ ቁልቁለት የከተማዋን ውኃም፣ አፈርም፣ የጎርፍ ስጋትም ጭምር የሚወስን ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ ከ17 ሺህ በላይ እንደነበረ ተመዝግቧል፤ ዙሪያዋን የያዘው የቀወት ወረዳ ገበሬ ማሽላ፣ ጤፍ፣ ማሾና በመስኖ የሚለማ ሽንኩርት ያመርታል፤ ዝናቡም በበልግና በክረምት ተከፍሎ የሚመጣ ሲሆን በሁለቱ መካከል ያለው ደረቅ ጊዜ ረጅም ነው።

በእንዲህ ያለ ከተማ የመናፈሻ ዕቅድ ሲነሣ ውይይቱ ብዙውን ጊዜ የሚጠመደው በግንባታው ወጪ ነው፤ ለአጥሩ፣ ለበሩ፣ ለፏፏቴው፣ ለመቀመጫው ስንት ያስፈልጋል የሚለው ጥያቄ ቀድሞ ይመጣል። ይህ ምዕራፍ የሚከራከርበት ሐሳብ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በቆላ ከተማ የመናፈሻ ዕጣ የሚወሰነው ከምርቃቱ በኋላ በሚመጣው የመጀመሪያ በጋ በመሆኑ፣ ዕቅዱም በጀቱም መጀመር ያለባቸው በግንቦት ወር ችግኙን ማን ያጠጣል፣ ደመወዙስ ከየትኛው የገቢ ርዕስ ይከፈላል ከሚለው ጥያቄ ነው። የመንግሥት በጀት አሠራር ራሱ ይህን ልዩነት በግልጽ ያስቀምጠዋል። የካፒታል በጀት የሚባለው አንድ ጊዜ ወጥቶ ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ንብረት የሚገነባበት ገንዘብ ሲሆን፣ መደበኛ በጀት የሚባለው በየዓመቱ ለደመወዝ፣ ለውኃ፣ ለመብራትና ለጥገና የሚወጣው ነው። ለመጀመሪያው ዓይነት ለጋሽም፣ ፕሮግራምም፣ መዋጮም ሊገኝ ይችላል፤ ለሁለተኛው ግን ከከተማው የራሱ ገቢ በቀር አስተማማኝ ምንጭ የለም።

ቦታው በፕላን ላይና በመሬት ላይ

የመናፈሻ የመጀመሪያ ሀብት መሬቱ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የከተማ መሬት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ የከተማ አስተዳደር ለመናፈሻ የሚሆን መሬት ለመግዛት አይገደድም፤ ይህ ብዙ የዓለም ከተሞች የሌላቸው ዕድል ነው። ነገር ግን መሬቱ በገበያ ዋጋ ያልተገዛ መሆኑ ሌላ አደጋ ይፈጥራል፤ ዋጋው በመዝገብ ስለማይታይ ለአረንጓዴ ቦታ የተከለለ ሜዳ «ባዶ መሬት» ተብሎ ለሱቅ፣ ለመጋዘን ወይም ለቢሮ ለመሰጠት የመጀመሪያው ተመራጭ ይሆናል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 በሁለት ደረጃ የሚዘጋጁ ፕላኖችን ደንግጓል። አንደኛው መዋቅራዊ ፕላን ሲሆን የከተማውን ጠቅላላ የመሬት አጠቃቀም፣ ዋና ዋና መንገዶችንና የዕድገት አቅጣጫን ለ10 ዓመት ያህል የሚወስን ነው፤ ሁለተኛው የአካባቢ ልማት ፕላን ሲሆን የአንድን ሠፈር ዝርዝር፣ ማለትም የእግረኛ መንገዱን፣ የሕንፃ ከፍታውንና የክፍት ቦታውን ወሰን በመለኪያ የሚያስቀምጥ ነው። በመዋቅራዊ ፕላኑ ላይ አረንጓዴ ቀለም ብቻ የተቀባ ቦታ ገና መናፈሻ አልሆነም፤ የአካባቢ ልማት ፕላን ተሠርቶለት፣ ድንበሩ በቅየሳ ተለክቶ፣ የችካል ምልክት ተተክሎለትና በከተማው የይዞታ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ሲገኝ ብቻ በሚቀጥለው አስተዳደር ዘመን የመኖር ተስፋ ይኖረዋል።

የፌዴራሉ የከተማ ልማት ሚኒስቴር ያስተዋወቀው የመሬት አጠቃቀም መርሕ ከከተማ መሬት 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶው ደግሞ ለግንባታ እንዲውል ይጠይቃል። መርሑ በአዲስ የማስፋፊያ ሠፈር ላይ ሊተገበር የሚችል ሲሆን፣ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ቀስ በቀስ ባደገች እንደ ሸዋ ሮቢት ባለች ከተማ መሐል ግን የሚቀረው ክፍት ቦታ ጥቂት ነው። ስለዚህ የፕላን ባለሙያው ዓይኑን ወደ ወንዝ ዳር ማሳረፉ የተለመደ ሆኗል፤ ሸዋ ሮቢትም የሮቢ ወንዝ አላት።

ወንዝ ዳር ግን ሁለት ባሕርይ አለው። ከአምባው ጫፍ የሚነሡት የይፋት ወንዞች በጋ ላይ ድንጋይና አሸዋ የሞላው ሰፊ ገላጣ ሆነው ይታያሉ፤ በክረምት ደጋው ላይ ዝናብ በጣለ ጊዜ ደግሞ ቆላው ላይ ጠብታ ሳይወርድ እንኳ በድንገት ሞልተው ድንጋይና ግንድ እየገፉ ይመጣሉ። በዚህ ዓይነት ወንዝ ዳር የሚሠራ መናፈሻ ጎርፉ የሚያርፍበት ቦታ ሆኖ ሊታቀድ ይገባል። ከወንዙ ቀጥሎ ያለው ዝቅተኛ ክፍል ለኳስ ሜዳ፣ ለሣርና ለእግር መንገድ ቢተው ጎርፍ አልፎበት ሲሄድ የሚያደርሰው ጉዳት በጥቂት ቀን ሥራ ይጠገናል፤ የመጸዳጃ ቤት፣ የውኃ ታንከር፣ የመብራት ማከፋፈያና የልጆች መጫወቻ ግን ነባር ነዋሪዎች «ከዚህ በላይ ወጥቶ አያውቅም» ብለው ከሚያሳዩት መስመር በላይ መቀመጥ አለባቸው። የነዋሪው ትዝታ ለወንዝ መለኪያ ጣቢያ ሙሉ ምትክ አይሆንም፤ ሆኖም ዕድሜ የጠገቡ ሰዎችን ወንዝ ዳር ይዞ ወጥቶ ጎርፉ የደረሰበትን ቦታ በእጃቸው እንዲያመለክቱ ማድረግ የትኛውም ማዘጋጃ ቤት ያለ ጨረታ ሊያካሂደው የሚችል ጥናት ነው።

የወንዝ ዳር መሬት ብዙ ጊዜ የሰው እርሻም ነው። በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ይዞታ ለመናፈሻ ሲፈለግ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 የተደነገገው የካሳና የመልሶ ማቋቋም ግዴታ ይመጣል፤ ይህ ወጪ በመናፈሻው ግምት ውስጥ ካልገባ ግምቱ ሐሰተኛ ነው። ጥላ ለማበጀት የአንድን ቤተሰብ መተዳደሪያ መንጠቅ ከመናፈሻው ዓላማ ጋር ስለሚጋጭ፣ አማራጭ ቦታ ባለበት ሁሉ የሚለማው እርሻ ሳይነካ ቢቀር ይመረጣል።

አፈሩም የራሱን ቃል ይናገራል። በሜዳው ላይ በብዛት የሚገኘው ጥቁር ዋልካ አፈር ሲረጥብ ይነፋል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የፈሰሰ ኮንክሪት በጥቂት ዓመት ውስጥ ይተረተራል። ኮብልስቶን ግን በአሸዋ ላይ የሚደረደር በመሆኑ አፈሩ ሲነሣና ሲወድቅ አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ የተነቀለውም ተመልሶ ይነጠፋል፤ ሙያውንም የአገሩ ወጣት ስለለመደው ጥገናው ከከተማው ውጭ ባለሙያ አይፈልግም።

ጥላና ውኃ

ዛፍ በሁለት መንገድ ያቀዘቅዛል። የመጀመሪያው ፀሐይን መከለል ሲሆን ሁለተኛው በቅጠሉ በኩል ውኃ በማትነን ዙሪያውን ካለው አየር ሙቀት መውሰድ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደሚያስረዳው በጥላ ሥር ያለ መንገድ ወይም ግድግዳ ፀሐይ ከሚመታው አቻው ከ11 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ይህ ልዩነት ደጋ ላይ የምቾት ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ በቆላ ግን እናት ልጇን ይዛ አግዳሚ ወንበር ላይ መቀመጥ መቻሏንና አለመቻሏን የሚወስነው እሱ ነው። በዚህ ምክንያት የቆላ መናፈሻ የመጀመሪያ የንድፍ መለኪያ ከቀትር በኋላ፣ በስምንት ሰዓት፣ ከመቀመጫዎቹ ስንቶቹ ጥላ ውስጥ ይገኛሉ የሚለው መሆን አለበት።

የሣር ምንጣፍ ለዚህ መለኪያ የሚያበረክተው ነገር የለም። ሣር ጥላ ሳይሰጥ በየቀኑ ውኃ ይጠጣል፤ ውኃ በቀነሰ ሳምንትም ይቃጠላል። በአንጻሩ ሥሩ ከጠለቀ በኋላ ድርቅን የሚችለው ኒም፣ ፍሬውን ልጆች የሚለቅሙት ቁርቁራ፣ ሰፊ ጥላ የሚጥሉት ዋርካና ሾላ፣ በደንብ ከተያዘም ዋንዛ ለዚህ አየር የተስማሙ ናቸው። ዋርካና ሾላ ሥራቸው ሩቅ ስለሚሄድ ከመንገድ ንጣፍና ከውኃ ቧንቧ ርቀው መተከል ይገባቸዋል፤ የይፋት ሰው ሽምግልና የሚቀመጠው፣ ገበያተኛ ሸክሙን የሚያሳርፈው ከጥንትም በእነዚህ ዛፎች ሥር ስለሆነ ለአንድ ነጠላ ዋርካ ሰፊ ቦታ መተው ብክነት ሊባል አይገባም። ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ፍለጋ ግን ገደብ ሊበጅለት ይገባል። በአዋሽ ሸለቆ ለጥላና ለአፈር ጥበቃ ተብሎ የገባው ፕሮሶፒስ ከተተከለበት አምልጦ የአፋርን የግጦሽ መሬት እንዴት እንደ ወረረ ከይፋት ቆላ በስተ ምሥራቅ ጥቂት ተጉዞ ማየት ይቻላል።

የውኃው ሒሳብ ከዚህ በታች በምሳሌ የቀረበ ሲሆን ማንኛውም ማዘጋጃ ቤት በራሱ ቁጥር ሊተካው ይችላል። 400 ችግኝ ተተክሎ እያንዳንዱ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 20 ሊትር ይጠጣ ቢባል የሳምንቱ ፍጆታ 16,000 ሊትር፣ ማለትም 800 ጀሪካን ይሆናል፤ የበልጉ ዝናብ የሚያግዝባቸው ሳምንታት ተቀንሰው ከጥቅምት እስከ ሰኔ 30 የማጠጫ ሳምንት ቢታሰብ ደግሞ ድምሩ 480 ሜትር ኩብ ይደርሳል። ይህን በጋሪ አመላልሶ ማድረስ ስንት ሠራተኛና ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ወይም ከመስኖ ቦይ ጠልፎ በትንሽ ፓምፕ ማሳደግ ስንት ነዳጅ እንደሚጠይቅ ሳይሰላ የችግኝ ቁጥር መወሰን አይቻልም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ከተገለጸ ወዲህ የችግኝ ተከላ የሕዝብ ልማድ ሆኗል፤ ተከላው ለመናፈሻም ትልቅ አቅም ነው፤ የሚጎድለው ከተከላው ቀን በኋላ ላሉት ሳምንታት የተመደበ ውኃ ነው። 400 ተክሎ 100 ከማጽደቅ 150 ተክሎ 140 ማጽደቅ ርካሽም፣ ጥላውም የበዛ ነው።

ፏፏቴን በተመለከተ አንድ የቆላ ጉዳይ አለ። ሸዋ ሮቢት የወባ አገር ናት፤ የቆመ ውኃም የትንኝ ማርቢያ ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የተባለ፣ ከእስያ የመጣና ከሌሎቹ የወባ ትንኞች በተለየ በከተማ ውስጥ በታንከር፣ በበርሜልና በግንባታ ጉድጓድ በተጠራቀመ ውኃ መራባት የሚችል ትንኝ በኢትዮጵያ ታይቷል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር የተገኘ ሲሆን በኋላ በተደረገ አሰሳ በአማራ ክልል ባቲ ከተማም ተመዝግቧል። ፓምፑ የተበላሸበት ፏፏቴ፣ ክዳን የሌለው የማጠጫ ታንከር፣ ሥራው ያላለቀ የመሠረት ጉድጓድ ሁሉ ለዚህ ትንኝ የተመቸ ቤት ነው። ፏፏቴ ከመናፈሻው ዝርዝር ቢወጣ የሚቀንሰው ነገር የለም፤ ገንዘቡ በቧንቧ የሚመጣ የመጠጥ ውኃና የእጅ መታጠቢያ ቢሠራበት ልጆች የሚጠቀሙበት ይሆናል።

በቆላ ሰው ወደ ውጭ የሚወጣው ማለዳና ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ መሆኑ ሌላ ውጤት አለው፤ መናፈሻው በአብዛኛው የሚያገለግለው ሲመሽ ነው። መብራት ከሌለው ሴቶችና አረጋውያን አይገቡበትም፤ እነሱ ያልገቡበት መናፈሻ ደግሞ ቀስ በቀስ የጥቂት ወጣቶች ብቻ መዋያ ይሆናል። ስለዚህ የመብራት መስመርና የጥበቃ ሠራተኛ ደመወዝ በመጀመሪያው ዕቅድ ውስጥ ከዛፉ እኩል ሊጻፉ ይገባል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል

በኢትዮጵያ ለመናፈሻ የተሰበሰበ ከፍተኛ ገንዘብ ቢነሣ ቀድሞ የሚታወሰው አዲስ አበባ ነው። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የተደረገው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር የሚደርስ የወንዝ ዳር ለማልማት 29 ቢሊዮን ብር እንደሚጠይቅ ተገምቶ ነበር፤ ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. በተካሄደው «ገበታ ለሸገር» እራት ላይ ለመታደም 5 ሚሊዮን ብር ይከፈል የነበረ ሲሆን፣ ለከፊሉ ሥራ የቻይና መንግሥት ድጋፍ ተጨምሮበት ወዳጅነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ተመርቋል። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተከተለ። እነዚህ ሥራዎች መናፈሻ ለኢትዮጵያ ከተሞች የሚገባ ነገር መሆኑን በአደባባይ ያሳዩ በመሆናቸው ጥቅማቸው ከአዲስ አበባ ወሰን ያለፈ ነው። አሠራራቸው ግን ወደ ሸዋ ሮቢት አይሻገርም፤ በአገር መሪ ጥሪ ባለሀብት የሚሰበሰብበት እራት በየከተማው ሊደገም አይችልም፤ ትልልቆቹ መናፈሻዎች በመግቢያና በአገልግሎት ክፍያ ለመተዳደር የሚችሉትም በዙሪያቸው ሚሊዮኖች ስለሚኖሩ ነው።

የአንድ ትንሽ ከተማ ገንዘብ ከሁለት ቋት ይቀዳል። ለትምህርት፣ ለጤናና ለመሳሰለው የመንግሥት ተግባር ከክልሉ ጥቅል የበጀት ድጎማ ይመጣል፤ መንገድ፣ የጎርፍ መውረጃ፣ ቆሻሻ ማንሳት፣ ቄራና መናፈሻ ግን የማዘጋጃ ቤት ተግባራት ስለሆኑ በአመዛኙ የሚሸፈኑት ከተማው ራሱ ከሊዝ፣ ከቦታ ኪራይ፣ ሕዝቡ የጣሪያና ግድግዳ ከሚለው የቤት ግብርና ከአገልግሎት ክፍያ በሚሰበስበው ገቢ ነው። የቦታ ኪራይና የቤት ግብር መሠረት አዋጅ ቁጥር 80/1968 ስለነበረ መጠኑ ለረጅም ዘመን ከኑሮው ወደ ኋላ ቀርቶ ቆይቷል፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ይህን ለመለወጥ ያለመ ነው። አዲሱ ታክስ በትንንሽ ከተሞች ሥራ ላይ ሲውል ነዋሪው በገንዘቡ የተሠራ ነገር በዓይኑ ማየት መፈለጉ አይቀርም፤ መናፈሻ ደግሞ ከመሬት በታች ከሚቀበር ቱቦ ይልቅ ለዓይን የቀረበ ነው።

ለግንባታው ወጪ ከውጭ የሚመጣ አቅምም አለ። በዓለም ባንክ ድጋፍ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በተከታታይ ምዕራፍ የተካሄደው የከተሞች ልማት ፕሮግራም በሁለተኛው ምዕራፉ 44፣ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በቀጠለው ምዕራፉ ደግሞ 117 ከተሞችን አቅፎ ነበር። የፕሮግራሙ መርሕ ድጎማውን በየዓመቱ ከሚመዘን የሥራ አፈጻጸም ጋር ማያያዝ ሲሆን፣ ከተሞቹ የሦስት ዓመት የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ አዘጋጅተው፣ በነዋሪ ውይይት አሳልፈው፣ በየዓመቱ እንዲከልሱት ይጠይቅ ነበር። ከገንዘቡ በላይ የሚቆየው ቅርስ ይህ የዕቅድ ልማድ ነው፤ መናፈሻ በሦስት ዓመቱ ዝርዝር ላይ በስሙ ካልሰፈረ በዓመቱ ማብቂያ ላይ በተረፈ ገንዘብ የሚሠራ ጥገኛ ሥራ ሆኖ ይቀራል። የከተሞች ልማታዊ ሴፍቲኔት በገባባቸው ከተሞች ደግሞ የአረንጓዴ ልማት በፕሮግራሙ ከሚሠሩ የሕዝብ ሥራዎች አንዱ በመሆኑ የጉልበቱን ወጪ ሊያቃልል ይችላል።

የሕዝብ መዋጮ ሦስተኛው ምንጭ ነው። በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች ነዋሪው በየሠፈሩ ገንዘብ አዋጥቶ ኮብልስቶን አሠርቷል፤ ይህ ልምድ ግን ለመናፈሻ ሲታሰብ ልዩነቱ መታየት አለበት። የኮብልስቶን መንገድ በአዋጪው በር ላይ ያልፋል፣ ያላዋጣውንም ጎረቤቱ ያውቀዋል። መናፈሻ ግን የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት የጋራ ጥቅም ከሚሉት ወገን ነው፤ የከፈለውም ያልከፈለውም እኩል ይገባበታል፣ ሁሉም ሌላው እንዲከፍል ይጠብቃል፣ በዚህም ሰበብ ማንም ሳይከፍል ይቀራል። መዋጮው እንዲሳካ ለአንድ የተወሰነ፣ ስም ሊጻፍበት ለሚችል ነገር መጠየቅ ይሻላል። አንድ እድር አሥር ዛፍ ከነማጠጫው ለሦስት ዓመት ቢረከብ፣ በውጭ የሚኖሩ የይፋት ተወላጆች የልጆች መጫወቻውን ቢወስዱ፣ የአውቶቡስና የጭነት መኪና ባለንብረቶች በመንገዱ በኩል ያለውን ማረፊያ ቢሠሩ፣ ማን ምን እንዳደረገ ይታያል።

ሸዋ ሮቢት ብዙ ከተሞች የሌላቸው አንድ የገቢ ምንጭ አላት፤ እሱም መንገዱ ነው። በአዲስ አበባና በደሴ መካከል የሚመላለሰው መንገደኛ ንጹሕ መጸዳጃ፣ ቀዝቃዛ ውኃና ጥላ ይፈልጋል፣ ለእነዚህም ለመክፈል ዝግጁ ነው። የመናፈሻው አንድ ጎን በዋናው መንገድ በኩል የመኪና ማቆሚያ፣ በክፍያ የሚሠራ መጸዳጃና መታጠቢያ፣ ጥቂት የቡናና የፍራፍሬ መሸጫ ቢኖረው ነዋሪው በነፃ የሚገባበትን ጥላ መንገደኛው ሊደጉመው ይችላል። ሥራውም በማኅበር ለተደራጁ ወጣቶች ሊሰጥ ይችላል፤ ሆኖም ውሉ ሦስት ነገር በጽኑ መያዝ አለበት፦ መሸጫው የሚይዘው ስፋት በካሬ ሜትር ተጽፎ እንዳይሰፋ፣ ወንበሩ የሕዝቡን ጥላ ሸፍኖ «ያልገዛ አይቀመጥ» እንዳይባል፣ ኪራዩም በየጊዜው እንዲከለስ። «ለጊዜው ነው» ተብሎ በቆርቆሮ የተጀመረ መሸጫ በብሎኬት ግንብ ሲያልቅ በብዙ ከተማ ታይቷል፤ መናፈሻ የሚጠፋውም በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው።

ኪራዩ ወደ መናፈሻው ይመለሳል የሚለው ተስፋም በሕግ መደገፍ አለበት። የመንግሥት ገንዘብ አስተዳደር ደንብ የተሰበሰበ ገቢ በቀጥታ ለወጪ እንዳይውል ስለሚከለክል ብሩ ወደ ከተማው ቋት ይገባል፤ ተመልሶ ለመናፈሻው የሚወጣው የከተማው ምክር ቤት በበጀት ላይ በራሱ ርዕስ ሲያጸድቀው ነው። ይህ ርዕስ ከሌለ ከመጸዳጃው የተሰበሰበው ገንዘብ ለሌላ አስቸኳይ ጉዳይ ይውላል፣ አስቸኳይ ጉዳይ ደግሞ በየዓመቱ አይጠፋም።

በሌላው ዓለም የተደረጉ ሁለት ነገሮች እዚህ ላይ ይጠቅማሉ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1847 የተከፈተው በርከንሄድ ፓርክ በሕዝብ ገንዘብ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ የከተማ መናፈሻዎች አንዱ ሲሆን፣ ከተማው 90 ሄክታር ያህል መሬት ገዝቶ ከግማሽ በጥቂቱ የሚበልጠውን ለመናፈሻ ለይቶ፣ በዙሪያው ያለውን ደግሞ ለመኖሪያ ቤት በመሸጥ ወጪውን ለመሸፈን አቅዶ ተነሥቷል። መናፈሻ አጠገቡ ያለውን መሬት ዋጋ ከፍ ያደርጋል፤ በሊዝ ሥርዓት ውስጥም ይህ ሊሠራበት ይችላል፤ ከመናፈሻው ፊት ለፊት ያሉ ቦታዎች መናፈሻው ከመሠራቱ በፊት በርካሽ ከተላለፉ ግን ጭማሪውን የሚወስደው ከተማው ሳይሆን ቀድሞ የያዘው ሰው ነው። ሁለተኛው የኒው ዮርኩ ሴንትራል ፓርክ ነው። በሀብታም አገር መሐል፣ በታላላቅ ባለሙያዎች የተሠራው ይህ መናፈሻ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የከተማው ካዝና ሲራቆት ሣሩ ተመልጦ፣ ወንበሩ ተሰባብሮ፣ ሰው በሥጋት የሚያልፍበት ሆኖ ነበር፤ ያገገመው እ.ኤ.አ. በ1980 የተቋቋመ የዜጎች ድርጅት ከከተማው ጋር ተዋውሎ ጥገናውንና የገንዘብ ማሰባሰቡን ሥራ ከተረከበ በኋላ ነው። ያ መናፈሻ የወደቀው መደበኛ በጀቱ ስለተመናመነ ነበር፤ ግንባታውማ ከዚያ መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ ተጠናቅቆ ነበር።

ከጦርነት በኋላ መናፈሻ

በይፋት መናፈሻን ማንሣት ቅንጦት ነው የሚል ተቃውሞ ይሰማ ይሆናል፤ ተቃውሞው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በተነሣው ግጭት በዚያው በይፋት ያለችው የአጣዬ ከተማ ከባድ ውድመት ደርሶባታል፣ ሸዋ ሮቢትም ከጉዳቱ አላመለጠችም፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ሸዋ ሮቢት በሰሜኑ ጦርነት ለጥቂት ቀናት በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወድቃ በዚያው ወር ወደ መንግሥት እጅ ተመልሳለች። ቤቱና ሱቁ የተቃጠለበት ሰው ስለ አግዳሚ ወንበር ሲወራ መስማት ሊያስቆጣው ይችላል፤ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ እንዲቀድሙ መጠየቁም ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ከላይ እንደተገለጸው ሁለቱ ከተለያየ ቋት የሚቀዱ በመሆናቸው ለዛፍና ለጥበቃ ሠራተኛ የሚወጣው ትንሽ የማዘጋጃ ቤት ገንዘብ የትምህርት ቤቱን በጀት አይነካም። ከዚህም በላይ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ ለዘመናት እንደ ሰንበቴ ባሉ ገበያዎች ሲገናኙ በኖሩበት በዚህ አገር ሰዎች ምንም ሳይገዙና ሳይሸጡ ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ቦታ እጅግ ጥቂት ነው። መናፈሻ ጠብን ያስቀራል ማለት ማጋነን ይሆናል፤ ልጆቻቸው በአንድ ዥዋዥዌ ላይ ተራ የሚጠብቁ ወላጆች ግን ቢያንስ በመልክ ይተዋወቃሉ፣ ይህም ከግጭት በኋላ ላለ ከተማ ትልቅ ነገር ነው።

ውልና የጊዜ ሰሌዳ

የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምርና የክረምቱ ዝናብም በዚያው ወር ስለሚበረታ፣ ሁለቱ ካልተጣጣሙ የአንድ ዓመት ተከላ ይባክናል። ጨረታው ወጥቶ ውል እስኪፈረም ጥቅምት ከገባ ችግኙ የሚተከለው በደረቅ መሬት ላይ ነው። ስለዚህ ቅየሳው፣ የጉድጓድ ቁፋሮውና የውኃ መስመሩ በቀደመው ዓመት በጀት ከሰኔ በፊት አልቀው፣ በአዲሱ ዓመት በጀት የመጀመሪያ ሳምንታት የሚቀረው ተከላው ብቻ ሊሆን ይገባል። ከተቋራጩ ጋር በሚገባው ውልም የዛፉ ሥራ ከግንባታው ተነጥሎ፣ ክፍያው በተተከለው ቁጥር ሳይሆን በየመንፈቁ በጸደቀው ቁጥር ቢታሰብ ማጠጣት የተቋራጩ የራሱ ጥቅም ይሆናል።

የአስተዳደር ኮሚቴው ከማዘጋጃ ቤቱ፣ ከቀበሌው፣ ከእድሮች፣ ከሴቶችና ከወጣቶች ማኅበራት ቢውጣጣም አንድ ሥራ በስም ለተጠቀሰ፣ ደመወዝ ለሚከፈለው ሰው መሰጠት አለበት፤ እሱም ዛፎቹን በቁጥር መዝግቦ መያዝ ነው። ቆጠራው ሙቀቱ በሚበረታበት በግንቦት ቢካሄድ፣ የደረቁት ከነምክንያታቸው ተጽፈው፣ ከመናፈሻው በር ላይ በሚሰቀል ሰሌዳም የዓመቱ ገቢና ወጪ አብሮ ቢለጠፍ፣ የከተማው ምክር ቤት በሰኔ ለበጀት ሲቀመጥ የሚተካው ችግኝ፣ የሚያስፈልገው ውኃና የአጠጪዎቹ ደመወዝ በአንድ ገጽ ላይ ተደምሮ ይቀርብለታል።